የጋሼ ቦርጭ የማን ነው? የአንድ አባወራ የክብደት ጉዳይ ከባሕር ዳር

እትዬ ማጀት ጥግ ላይ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ተቀምጧል። ጎኑ ላይ በማርከር «ጥር 26» ተብሎ ተጽፎበታል። የተከፈተበት ቀን ነው። ከሱ በፊት የነበረው ጀሪካን በ21 ቀኑ አልቋል። ይሄኛው እስከ መጋቢት 9 ቆየ። 43 ቀን ማለት ነው።

ስለ አንድ አባወራ ክብደት ልጽፍ ተቀምጬ ከጀሪካን መጀመሬ ግራ ያጋባ ይሆናል። እኔም ብሆን ጀሪካኑ ጋ ለመድረስ ወደ አራት ወር ፈጅቶብኛል።

ነርስ ነኝ። ባሕር ዳር ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል ላይ እሠራለሁ። ሰውየው ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደዋል። «ስሜን ብቻ እንዳታነሺ፤ ገበያዬን ታበላሺብኛለሽ» ብለውኛል። ስለዚህ ጋሼ ይሁኑ። ባለቤታቸው እትዬ፣ እናታቸው እማማ።

ጋሼ 48 ዓመታቸው ነው። የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣሉ፦ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቀለም፣ የውሃ ቱቦ። ልጅ ሆነው ለትምህርት ከመርዓዊ በኩል መጥተው እዚሁ ቀሩ። በጉርምስናቸው እንደማንኛውም የባሕር ዳር ልጅ ከብስክሌት ላይ አይወርዱም ነበር። ከተማው ሜዳ ነው፤ ለብስክሌት የተሠራ ይመስላል። አሁን ግን ከቤት እስከ ሱቅ ያለችውን አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በቪትዝ ነው የሚሄዷት። ሱቅ ደርሰው ይቀመጣሉ። ዕቃ የሚያወጡና የሚያወርዱት ልጆቹ ናቸው።

ጥቅምት 2017 መጀመሪያ ላይ ክሊኒክ የመጡት ራስ ምታት ብለው ነው። ወንድ ልጅ «መክሳት እፈልጋለሁ» ብሎ ሲመጣ እምብዛም አላጋጠመኝም። ሌላ ነገር ሲያመው ይመጣል፤ ሚዛን ላይ ስናወጣው ይስቃል። ጋሼም ሳቁ። «ሲስተር፣ ቦርጭ እኮ የኑሮ ምልክት ነው» አሉኝ።

98 ኪሎ። ቁመት 1 ሜትር ከ71። የወገብ ዙሪያ 112 ሴንቲ ሜትር። ደም ግፊት 148 በ94። ሳይበሉ የተለካ ስኳር 118።

ክብደታቸው ለቁመታቸው ስኩዌር ሲካፈል 33.5 ይመጣል። ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት ይባላል፤ ከ30 ሲያልፍ በሕክምና ቋንቋ ራሱን የቻለ ችግር ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ወገባቸው ነው። ወንድ 94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ነው፣ 102 ሲያልፍ አደጋው ይከብዳል። የጋሼ እጅና እግር ቀጭን ነው። ያለው ሁሉ ሆድ ውስጥ፣ ጉበትና አንጀት ዙሪያ ነው የተከማቸው። ግፊትንና ስኳርን የሚያስነሳው ደግሞ ይሄኛው ስብ ነው። ስኳራቸው ገና በሽታ አይባልም፤ ያ የሚባለው 126 ላይ ነው። ግን በሩ ላይ ቆሟል።

ሐኪሙ አንድ የግፊት መድኃኒት አዘዘላቸውና የቀረውን ወደኔ ላከው። የቀረው ማለት «ክብደት ይቀንሱ» የምትለው ዓረፍተ ነገር ናት። ለመጻፍ ቀላል ናት።

ግባችን 91 ኪሎ ሆነ። ቁጥሩን ከሰማይ አላወረድኩትም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ ስኳራቸው እንደ ጋሼ በሩ ላይ የቆመ ከ3,200 በላይ ሰዎችን የተከታተለ። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተደገፉት ሰዎች ስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የ98 ኪሎ 7 በመቶ ወደ 7 ኪሎ ነው። ጋሼ «ሰባት ኪሎማ አንድ ከረጢት ሚስማር አይሞላም» ብለው ናቁት።

የኔ ስህተት

ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። እንጀራ ይቀንሱ፣ ቅቤና ዘይት ይቀንሱ፣ ቢራ ይቀንሱ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ይራመዱ። አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩ፦ መጠንዎን እንዲያውቁት ለብቻዎ ሳህን ይብሉ። አጥፈው የሸሚዝ ኪሳቸው ከተቱት።

ታህሳስ መጀመሪያ ላይ 97.1 ሆኑ። ከገና በኋላ 98.4። የገናን ጾም ጾመው ጨመሩ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይሄ ይገርመዋል። ጾም ማለት ግን ቅቤው ወጥቶ ዘይት የገባበት ቤት ሊሆን ይችላል። ፓስታ በዘይት፣ ድንች ጥብስ በዘይት፣ መንገድ ላይ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ። ማንኛውም ቅባት በግራም 9 ካሎሪ ነው፤ የፍስክ ሆነ የጾም ግድ የለውም።

የብቻ ሳህኑ ነገርማ ሦስት ቀን አልቆየም። መጀመሪያ ቀን ትንሹ ልጅ «አባዬ አሞታል?» ብሎ ጠየቀ። ሁለተኛው ቀን እትዬ ተቆጡ። ሦስተኛው ቀን ጋሼ ወደ ትሪው ተመለሱ። እኛ ቤት ለብቻው የሚበላ ሰው ወይ ታማሚ ነው ወይ የተጣላ። ይሄን እኔ እዚሁ ያደግሁት ሴትዮ ማወቅ ነበረብኝ። ከተተረጎመ የሥልጠና ወረቀት ላይ ገልብጬ ነው የጻፍኩላቸው።

«እኔ ምን ላድርግ?» አሉኝ ጥር ላይ። «የቀረበልኝን ነው የምበላው። ማጀቱ የሷ ነው። እሷን አናግሪያት።»

አመንኳቸው። ያም ሌላ ስህተት ነበር፤ ቢያንስ በግማሹ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ማጀት ውስጥ

ጥር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ሄድኩ። ቤቱ ውስጥ ስድስት ናቸው፦ ጋሼ፣ እትዬ፣ ሦስት ልጆችና ከገጠር መጥታ የምትማር የእትዬ እህት ልጅ። ሰው እንዴት አድርጎ ምግብ እንደሚቀንስ ላስረዳ የሄድኩት እኔ፣ ከመቀመጤ ትሪ ቀረበልኝ። «በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» ሲባል እጅ ማውጣት ያቅታል። ጉርሻው መጣ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ ቡና፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር። ከጎን ፈንድሻና አምባሻ። ክሊኒክ ቁጭ ብዬ «እምቢ ይበሉ» የምላቸውን ነገር እኔ ራሴ አንድ ሰዓት መቋቋም አልቻልኩም። ጋሼ ጥግ ላይ ሆነው ይስቁብኛል።

እትዬ ግን አልሳቁም። ሁለተኛውን ቡና ቀድተው ሲጨርሱ ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጡና ተናገሩ።

«ሲስተር፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ማለት ነው? ዘይት ቀንሺ፣ ቅቤ ቀንሺ፣ ሁሉም እኔ ላይ ነው። እሱ ማታ ሲገባ ጠግቦ ነው የሚገባው። ጥብሱን በልቶ፣ ቢራውን ጠጥቶ። ልብሱ ይሸታል እኮ! እኔ ግን ባሏን ጦሙን አሳደረችው እንዳልባል አቀርባለሁ።»

ጋሼ ቀና አሉ። «እኔ ደግሞ ደክመሽ ሠርተሽ እንዳይከፋሽ ብዬ እበላለሁ።»

ትንሽ ዝም ተባለ።

«ሳትራብ ነው የምትበላው?»

«መቼ ተርቤ አውቃለሁ?»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳቁ። ትልቋ ልጅ ከበሩ ላይ ሆና «ኧረ በናታችሁ!» አለች። ሃያ ዓመት ሙሉ አንዷ ሳትፈልግ ታቀርባለች፣ አንዱ ሳይፈልግ ይበላል። ክሊኒክ ውስጥ ጋሼን ብቻቸውን አስቀምጬ ሃያ ጊዜ ብጠይቅ ይሄን አላገኘውም ነበር።

ከዚያ ወረቀት አውጥቼ ማስላት ጀመርን። ጋሼ በሳምንት አራት ማታ ይወጣሉ። በአንድ ማታ ሦስት ቢራ ገደማ። አንዱ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ወደ 140 ካሎሪ ነው፤ ሦስቱ ከ400 ያልፋል፤ ጥብሱ ሳይቆጠር። ወደ ማጀቱ ስንመጣ ደግሞ ዘይቱ አለ። 5 ሊትር ለስድስት ሰው በ21 ቀን ሲያልቅ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሚሊ ሊትር ግድም ይደርሳል። ይሄ 330 ካሎሪ አካባቢ ነው፣ ያውም ልጆቹና ጎልማሳው እኩል እንደሚበሉ ቆጥረን። ከመርዓዊ የሚላከው ቅቤ እዚህ ውስጥ የለም። ሒሳቡ ማንንም ነፃ አላወጣም። እትዬ ግን ወረቀቱን ሁለቴ አንብበው «አየህ፣ ግማሹ ያንተ ነው» አሉ። ፊታቸው ቀለል ሲል አየሁት።

እዚህ ላይ ስለ ጓደኛ አንድ ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኒኮላስ ክሪስታኪስና ጄምስ ፋውለር የሚባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ለ32 ዓመት የተመዘገበ የ12,067 ሰዎች መረጃ ይዘው ውፍረት በዝምድናና በወዳጅነት መሐል እንዴት እንደሚሄድ አዩ። ባል ወይም ሚስት ሲወፍሩ የሌላኛው የመወፈር ዕድል በ37 በመቶ ከፍ አለ። ወንድም ወይም እህት ሲወፍር በ40። ጓደኛ ሲወፍር በ57። ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ይተላለፋል ወይስ የሚመሳሰሉ ሰዎች ስለሚሰባሰቡ ነው በሚለው ላይ ሌሎች ሊቃውንት ተከራክረዋል። ለኔ ሥራ ግን የሚጠቅመው ቀላል ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው ከማን ጋር ነው የሚበላው? እኔ ደግሞ አራት ወር ሙሉ የጠየቅሁት «ምን ይበላሉ?» ብዬ ነው።

ምን ተለወጠ

ጀሪካኑ ላይ ቀን የመጻፉ ሐሳብ የእትዬ ነው። የኔ አይደለም። «እኔ ካሎሪ ምናምን አላውቅም፤ ዘይት ስንት ቀን እንደሚቆይ ግን አውቃለሁ» አሉ። በዋጋም አስበውት ነበር። የዘይት ዋጋ ለጤና ትምህርት ያደረገልኝን ውለታ ማንም አላደረገልኝም።

አሠራራቸውን ቆሜ አየሁ። ድሮ ዘይቱን ከጀሪካኑ በቀጥታ ድስቱ ላይ ነበር የሚያፈሱት፤ እጅ በለመደው። አሁን ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ ያቁላላሉ። ሊይዝ ሲል ትንሽ ውሃ ጠብ ያደርጋሉ፣ ያማስላሉ፣ እንደገና ጠብ። ሽንኩርቱ ቡኒ ሲልና ሲሟሟ በርበሬው ይገባል። ዘይቱ ከዚያ በኋላ በሾርባ ማንኪያ ተለክቶ። እናታቸው ያስተማሯቸው አሠራር ይሄው ነበር፤ ዘይት እንደልብ ሲገኝ ተረሳ። የቸገራቸው ጣዕሙ አይደለም። የቸገራቸው ወጡ ላይ ዘይት አለመንሳፈፉ ነው። ዘይት ያልተንሳፈፈበት ወጥ እንግዳ ፊት ሲቀርብ ስስት ይመስላል። ስለዚህ ስምምነት አደረግን፦ እንግዳ ሲመጣ ይንሳፈፍ፤ ለቤተሰብ አይንሳፈፍ።

ትሪው አንድ ሆኖ ቀረ። የተለወጠው ጭማሪው ነው። ድሮ እንጀራው ሊያልቅ ሲል እትዬ ሳይጠየቁ ሌላ ይዘረጉ ነበር። አሁን ጭማሪው ማጀት ይቆያል፤ የፈለገ ተነስቶ ያመጣል። ጋሼ ተነስተው አያመጡም። ስንፍናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀማቸው። በሳቸው በኩል ጎመንና የቲማቲም ሰላጣ በዛ ብሎ ይቀመጣል፤ ማንም ነገሬ አይልም። ማታ አምሽተው በልተው ከመጡ ደግሞ በሩ ላይ «በልቻለሁ» ይላሉ፣ እትዬም አይቀየሙም። ይቺ ቃል ለመለመድ ከጀሪካኑ የበለጠ ጊዜ ወስዳለች።

ትልቋ ልጅ 16 ዓመቷ ነው። በጣም ልትረዳ ፈለገች፤ መጀመሪያ ላይ ግን አበላሸችው። አባቷ በጎረሱ ቁጥር «አባዬ፣ ሦስተኛህ ነው!» ትላለች። ሳህናቸውን በስልክ ታነሳለች። ጋሼ ቤት ውስጥ ጨዋ ሆኑ። ሱቅ ውስጥ ግን ባንኮኒው ሥር፣ ከሚስማር ካርቶን ጀርባ፣ የብስኩት ካርቶን ተገኘ። ያገኘው ትንሹ ልጅ ነው፤ የብስኩት ነገር አያመልጠውም። የተቆጣጠሩትን ሰው መደበቅ ነው የሚያስተምሩት፣ ይሄን በሕፃንም በሽማግሌም አይቼዋለሁ። ልጅቷን «ቆጠራውን ተዪው፣ አብረሻቸው ተራመጂ» አልኳት።

መራመጃው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሆነ። ግንቦት 2016 የተከፈተው። ለእግረኛም ለብስክሌትም የራሱ መስመር አለው። ርዝመቱ 380 ሜትር ነው፤ ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ከሁለት ኪሎ ሜትር ያልፋል። ጠዋት ጠዋት፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳትገባ። ጋሼ መጀመሪያ ሰሞን መሐል ላይ ቆመው ወንዙን የሚያዩ ይመስላሉ፤ ትንፋሽ እየሰበሰቡ ነው። ያ ሁሉ እርምጃ በሳቸው ክብደት ከ100 እስከ 150 ካሎሪ ቢያቃጥል ነው። አንድ ቢራ ይመልሰዋል። ይሄን ስነግራቸው ተናደዱ። «እንዴ! ድልድዩን ሦስቴ የሄድኩበት በአንድ ጠርሙስ?» ከነገርኳቸው ቁጥር ሁሉ የሠራው ይሄ ነው። ከሳምንት አራት ማታ ወደ ሁለት ወረዱ።

ጓደኞቻቸው ግን አልተዉአቸውም። «ሚስትህ ታስርብሃለች እንዴ?» «ስኳር ያዘህ እንዴ?» ይሏቸዋል። አንድ ቀን ምሳ ዓሣ እንብላ ብለው ጋበዟቸው፤ ጤና ነው ተብሎ። ቆሮሶው ሙሉውን ዘይት ውስጥ ተጠልቆ ወጣ። የጣና ዓሣ ምን ያድርግ፣ እኛ ነን የምናጠልቀው።

እትዬም ጋ ወሬ ደርሷል። አንዲት ጎረቤት ቡና ላይ «ባልሽ ጠዋት ጠዋት መውጣት ጀምሯል፣ ሆዱም እየጠፋ ነው፤ ነቃ በይ» አለቻቸው። ወንድ በዚህ ዕድሜው የሚከሳው ሌላ ሴት ሲይዝ ነው የሚል እምነት አለ። «ከልጁ ጋር እኮ ነው የሚወጣው» ብለው መለሱ። ማታውን ግን ስልኩን እንዳዩት ራሳቸው ነግረውኛል።

ፋሲካ

ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ። ጋሼ በዐቢይ ጾም አልኮል አይቀምሱም፤ የልጅነት ሥርዓታቸው ነው። የማጀቱም ዘይት ቀንሷል። 55ቱ ቀን ሊያልቅ ሲል 93.6 ሆኑ። ስንቱ የጾሙ፣ ስንቱ የቢራው፣ ስንቱ የድልድዩ እንደሆነ ለይቼ መናገር አልችልም።

ቅዳሜ ሹር ቀን እማማ ከመርዓዊ በኩል ሁለት ዶሮና ቅቤ ይዘው መጡ። ልጃቸውን ካዩ ሦስት ወር አልፏቸዋል። በር ላይ አቅፈው ሳሙ፣ ከዚያ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄ፣ ሥጋህ የት ሄደ?»

ያን ሌሊት ዶሮው ሲቀርብ ከጋሼ እጅ አልተላቀቁም። ጉርሻ በጉርሻ። ማክሰኞ ሲሆን ዘመድ ሁሉ ሰምቷል። አክስት ደወለች፣ አጎት ደወለ፣ ሁሉም «ተመርመር» ነው የሚለው። እማማ ጸበል ካልወሰድኩት ብለው ልብሳቸውን አሰሩ። እትዬን ደግሞ አያናግሩም። ልጃቸውን ያከሳችው እሷ ናት።

ጋሼ ደወሉልኝ። «ሲስተር፣ እናቴ እያለቀሰች ነው። እኔ ይሄን አልችልም፤ ብበላላትና ብገላገል ይሻላል።» ሚዛኑ ያን ሳምንት 95.2 አለ።

ይዘዋቸው እንዲመጡ ነገርኳቸው። እማማ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስለ ቅባት፣ ስለ ስኳር ማስረዳት ጀመርኩ። አቋረጡኝ።

«ልጄ፣ የሱ ታላቅም እንዲህ ነበር የጀመረው። መጀመሪያ ፊቱ። ከዚያ ቀበቶው። ሐኪም ቤትም ወስጄዋለሁ። ምን እንደሆነ ግን የነገረኝ የለም።»

በ1990ዎቹ ነው። ያኔ የበሽታው ስም አይጠራም ነበር፤ «ያ በሽታ» ነበር የሚባለው። እሳቸው ስሙን እስከ ዛሬ አልጠሩም። እኔም አልጠራሁም። ጋሼ መሬት መሬት ያያሉ። ይሄን ከእናታቸው አፍ ሰምተውት እንደማያውቁ በኋላ ነገሩኝ።

ያን ሁሉ ቅቤ፣ ያን ሁሉ ጉርሻ ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። እኔ የጤና ትምህርት ማጣት ነው ብዬ ነበር የመዘገብኩት። አንዲት እናት የከሳ ልጅ አንድ ጊዜ ቀብራለች። ሁለተኛው ሲከሳ ዝም ብላ እንድታይ ነው የጠየቅኳት።

እማማ ፊደል አልቆጠሩም። ካርዱን ባሳያቸው ዋጋ የለውም። ክር አመጣሁ። በመጀመሪያው ቀን የነበረውን 112 ሴንቲ ሜትር ለክቼ ቆረጥኩ። ከዚያ ጋሼን አቁሜ የዚያን ቀን ወገባቸውን ለካሁ፣ 106፤ ሌላ ክር ቆረጥኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያዝኩላቸው። የታመመ ሰው እጁና እግሩ፣ ፊቱ፣ ትከሻው ይመነምናል፤ ያማማ ልጅ ግን ክንዳቸው ያው ነው፣ የጎደለው ከዚህ ነው ብዬ የጋሼን ሆድ ነካሁ። የጋሼን ክንድ ራሳቸው ጨበጥ አድርገው ሞከሩት። የደም ምርመራውን ውጤት አንድ በአንድ አነበብኩላቸው፤ ጋሼ ስለ ፈቀዱ ሁሉንም።

ክሮቹን ሲያገላብጡ ቆዩ። «መቆሚያው የት ነው ታዲያ?» አሉ። «ማክሳቱን ጀምረሻል። የት ላይ ነው የምትተይው?»

ማንም ይሄን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ ግብ እንጂ ወለል አላስቀመጥኩም ነበር። አሰብ አድርጌ «88» አልኩ። ከዚያ በታች ከወረዱ ራሴ እንደምደውልላቸው ቃል ገባሁ። እማማ ክሮቹን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩና ተነሱ። ጸበሉም አልቀረም፤ አብረው ሄዱ፤ በእግራቸው።

ለእትዬ ምን እንዳሏቸው አላውቅም። ቅቤው ግን ከዚያ ወዲህ በግማሽ ነው የሚላከው።

ከዚያ ወዲህ

ሰኔ መጨረሻ 92.4። ከፍልሰታ በኋላ 90.6፣ ወገብ 102። ግፊቱ 132 በ84፤ መድኃኒቱም ድርሻ አለው። ስኳሩ 104። ለሐኪሙ ይሄ ጥሩ ውጤት ነው፤ ለኔም።

ያልጠበቅሁት እትዬን ነው። 81 ኪሎ ነበሩ። ለሳቸው ምክር የሰጠ የለም፣ ወረቀት የጻፈ የለም። ጀሪካኑ 4 ኪሎ አነሳላቸው። ትንሹ ልጅ ደግሞ የአባቱን ብስክሌት ካላስጠገናችሁ ብሎ አስጠግኗል። ጋሼ አንዳንድ ቀን ሱቅ በሱ ይሄዳሉ። «ሰው ከሰረ ይለኛል» ብለው ቪትዟን ግን ሱቁ በር ላይ ማየት ይፈልጋሉ፤ አንዳንድ ቀን የሱቁን ሠራተኛ መኪናዋን ይዞ እንዲከተላቸው ይልኩታል፤ ቤንዚኑን ማን አስቦ።

ያልተፈታም አለ። ሠርግ አልተፈታም። ማኅበር አልተፈታም። ሁለቱ የቢራ ማታዎች አንዳንዴ ሦስት ይሆናሉ። ባንኮኒው ሥርም ብስኩት ዳግም አይገባም ብዬ አልምልም።

መስከረም 2018 መጨረሻ ላይ ለክትትል መጡ። መስቀል ገና ማለፉ ነው። ሚዛኑ 91.3 አለ። ሰባት መቶ ግራም ጨምረዋል። ካርዱ ላይ እየጻፍኩ ፊቴን ሳላጠቁር አልቀረሁም፤ «መስቀል ነው እኮ ሲስተር» ብለው ጀመሩ።

ስልካቸው ጠራ። እማማ ናቸው። ከፋሲካ ወዲህ ጋሼ ክሊኒክ የሚመጡበትን ቀን ቆጥረው ይደውላሉ። «ከሳህ ወይ» ማለት ትተዋል። ድምፃቸው እስከኔ ይሰማል።

«ስንት ሆንክ?»

«ዘጠና አንድ ከሦስት።»

«ባለፈውስ?»

«ዘጠና ከስድስት።»

ትንሽ ዝም አሉ። እየቆጠሩ ነው።

«እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ እማማ። «ጨመርክ!»